«ዘመተ» ከማለታችሁ በፊት፦ ጦርነት ከሚቃወሙ አብያተ ክርስቲያናት የመጣን ቅድመ አያት መፈለግ

የባለቤቴ ዘሮች የአሜሪካዋ ፔንሲልቬኒያ ሜኖናይቶች ናቸው። አማቴ «የእኛ ሰው ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም» ይላሉ። እንደ እሳቸው ከሜኖናይት፣ ከኩዌከር ወይም ከዳንከር (ሦስቱም ጦርነትን የሚቃወሙ የክርስትና እምነት ክፍሎች ናቸው) ቅድመ አያት ካላችሁና ስሙን በጦር መዝገብ ላይ ካገኛችሁት፣ ቶሎ አትፍረዱ።

መጀመሪያ የመዝገቡን ዓይነት ለዩ። በአሜሪካ አብዮት (የነጻነት ጦርነት) ጊዜ በ1777 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፔንሲልቬኒያ የሚሊሺያ ሕግ ከ18 እስከ 53 ዓመት ያሉ ብቁ ነጭ ወንዶችን ሳይጠይቅ ይመዘግብ ነበር። ስሙ እዚያ መገኘቱ የሰፈሩ ነዋሪ እንደነበር ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ስለዚህ ወደ ቅጣት ዝርዝሩ ሂዱ። ልምምድ ላይ ያልተገኘ መቀጫ ይከፍላል። ደጋግሞ የተቀጣ ሰው እምቢ ባይ ሳይሆን አይቀርም። ሰነፍም ሊሆን ይችላል፤ ግን አጎቶቹና ጎረቤቶቹ ሁሉ አብረውት ከተቀጡ ነገሩ ስንፍና አይደለም።

ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ። ኩዌከሮች ላይ ዕድለኛ ናችሁ፤ የወርሃዊ ስብሰባቸውን ቃለ ጉባኤ በጥንቃቄ ይጽፋሉ። መሣሪያ ያነሳ ይመከራል፤ አልመለስም ካለ ከአባልነት ይሰረዛል። ተጸጽቶ የጻፈው የይቅርታ ደብዳቤም አንዳንዴ እዚያው አለ። ስዋርዝሞርና ሃቨርፎርድ ኮሌጆች ብዙውን ይዘዋል። የተሰረዘው ሰው የፊላደልፊያ ከሆነ፣ በ1781 የተመሠረተውን የ«ነጻ ኩዌከሮች» ማኅበርም እዩ። አብዮቱን ደግፈው የተባረሩት ናቸው ያቋቋሙት።

የድሮዎቹ ሜኖናይቶች ግን ብዙ አልጻፉም። እዚህ ጋ የጥምቀቱን ዓመት ፈልጉ። የሚጠመቁት ከፍ ካሉ በኋላ ስለሆነ፣ በ19 ዓመቱ የዘመተ ልጅ ያን ጊዜ ገና አባል ላይሆን ይችላል። ዘምቶ ተመልሶ፣ ተጠምቆ፣ ሲያረጅ ስለ ሰላም ሊሰብክ ይችላል። አማቴ ይህን አልወደዱትም።

ለአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (የሰሜንና የደቡብ ግዛቶች ጦርነት) ዘመን የክፍያ መዝገብ ፈልጉ። በሰሜን በ1863 ሕግ 300 ዶላር የከፈለ ወይም ተተኪ የላከ ከምልመላ ይቀር ነበር። ከ1864 ጀምሮ ሃይማኖቱ መዋጋት የሚከለክለው ሰው ሆስፒታል ውስጥ ማገልገልም ተፈቀደለት። ስሙን ከሆስፒታል ጋር ካያችሁት ይህን አስቡ። ደቡቡ በ1862 ለኩዌከሮች፣ ለሜኖናይቶችና ለዳንከሮች 500 ዶላር ወይም ተተኪ ብሎ ነበር።

የ20ኛው ክፍለ ዘመን ቀላል ነው። የሰኔ 1917 የምልመላ ካርድ ላይ 12ኛው ጥያቄ ከውትድርና ነጻ መሆን ትፈልጋለህ ወይ፣ በምን ምክንያት ይላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የምልመላ ምድቡ 4-ኢ የተባለው በሲቪል ካምፕ ሠርቷል፤ 1-ኤ-ኦ ደግሞ መለዮ ለብሶ ያለ መሣሪያ አገልግሏል። የሠራዊት ፋይሉ ከጠፋ አትገረሙ፦ በ1973 ሴንት ሉዊስ በሚገኘው የመዝገብ ማከማቻ በደረሰው ቃጠሎ ከ1912 እስከ 1960 ከሠራዊቱ የተሰናበቱ ሰዎች ፋይል 80 በመቶ ያህሉ ወድሟል። የምልመላ ካርዱ ግን ከዚያ ፋይል ተለይቶ ስለሚቀመጥ እሱን ጠይቁ።