በሐረር የአንድን ባለመሬት ቤተሰብ በውርስ ወረቀትና በሽያጭ ውል መከታተል

በሐረር የድሮ ባለቤቶችን ዘር የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሽማግሌዎች አፍ ይጀምራል። ይህ ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሰው ዘሩን ሲቆጥር በወንዶቹ በኩል ይወርዳል፣ ሴቶቹን ይዘላል፣ ሳይወልድ የሞተውንም ይረሳል። የመሬት ወረቀት እንዲህ ማድረግ አይችልም። አንዲት እህት የተረሳችበት ክፍፍል በማግስቱ ክስ ስለሚያስነሳ፣ ቃዲውም (የሸሪዓ ዳኛው) ሆነ ጸሐፊው እያንዳንዱን ወራሽ ከነድርሻው መጻፍ ነበረበት። ስለዚህ ወረቀቱን የሚያነብ ሰው ከስሞቹ እኩል ድርሻዎቹን ማየት አለበት። የቤተሰቡ ቅርጽ ያለው እዚያ ነው።

መነሻው ሁልጊዜ የመጨረሻው ወረቀት ነው፤ ከእሱ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከአሚሮቹ (ከከተማዋ የድሮ ገዢዎች) ዘመን ተነስቶ ወደ ታች ለመውረድ የሚሞክር ሰው በሦስተኛው አሕመድ ላይ መንገዱን ይስታል። ቤተሰቡ እጅ ያለውን ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫና የድሮ ውል ሁሉ በአንድ ላይ ይሰብስቡ። 1967 ዓ.ም. ትልቅ መለያ መስመር ነው። በዚያ ዓመት አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን፣ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረጉ። ከከተማው ውጭ ያለው የአትክልት ቦታና የጫት እርሻ በመጀመሪያው፣ ጀጎል (በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ) ውስጥ ይከራይ የነበረው ቤት በሁለተኛው ተወሰደ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረ ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ወደ ኪራይ ቤቶች ስለሄደ የትኛው መሥሪያ ቤት መጠየቅ እንዳለበት የኪራዩ ልክ ይነግርዎታል። ቤት ሲወረስ የባለቤቱ ስም ከነአያቱ ይመዘገብ ስለነበር ያ ፋይል ከተገኘ ጥሩ ድልድይ ነው።

አንድ ወረቀት በተገኘ ቁጥር መጀመሪያ ፎቶ ይነሣል፤ ፊቱም ጀርባውም። ብዙ ሰው ጀርባውን አያነሳም። በኋላ የተደረገ ሽያጭ፣ የእህት ድርሻ መልቀቂያና የቃዲ ማኅተም ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጀርባ ነው። በቀን ብርሃን ያንሱ፣ ፍላሽ አይጠቀሙ፣ ከጎኑ ማስመሪያ ያስቀምጡ። የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉ፣ ላሚኔት አያስደርጉ፤ ሙጫውና ሙቀቱ ቀለሙንም ወረቀቱንም ያበላሻሉ። ከዚያ ጽሑፉን እንዳለ ይገልብጡ። የተዛባ የመሰለዎትን ስም በራስዎ ግምት አያቅኑ።

ቀኑን መለየት

በአሚሮቹ ዘመንና ከዚያም በኋላ በቃዲ ፊት የተደረጉ ውሎች በዐረብኛ የተጻፉ፣ ቀናቸውም ሒጅራ፣ ማለትም የእስልምና አቆጣጠር ነው። የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ቁጥሩ ላይ የተወሰነ ዓመት በመደመር ብቻ አይመጣም። ለግምት የሒጅራውን ዓመት በ0.97 ያባዙና 614 ይጨምሩ፤ የኢትዮጵያን ዓመት ያገኛሉ። 1300 ሒጅራ 1875 ዓ.ም. ላይ ይወድቃል፣ 1350 ደግሞ 1923 ላይ። አንድ ዓመት ወዲያና ወዲህ ሊል ስለሚችል ወሩ ከተጻፈ በመቀየሪያ ሠንጠረዥ ያረጋግጡ። በጣሊያን ዘመን ወረቀት ላይና በድሬዳዋ የነጋዴ ውሎች ላይ የፈረንጅ ቀን ስለሚያጋጥም፣ በማስታወሻዎ ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፉ። ይህን ያልጻፈ ሰው አባትና ልጅን በስምንት ዓመት ያፋልሳል።

ቀኑ የጠፋ ወይም የተበላ ከሆነ ገንዘቡን ይዩ። በመሐለቅ የተዋዋሉ ከሆነ ሐረር የራሷን ሳንቲም የምትመታበት የአሚሮቹ ጊዜ ትዝ ይበልዎ። የግብፅ ገንዘብ ከተጠቀሰ ግብፆች ከተማዋን የያዙበት ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ቅርብ ግምት ነው። ሊሬ ከሆነ የጣሊያን ዘመን፣ ሽልንግ ከሆነ ከ1933 በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት ናቸው። ማርትሬዛ ብር ግን ብዙ ዘመን ስላገለገለ ብቻውን ምንም አያስረዳም። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ሐረርን ከያዙበት ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ደግሞ የአማርኛ ወረቀት እየበዛ ይመጣል፤ ያኔ የመጡት ሹማምንትና ወታደሮች መሬት በጋሻ ይለካል፣ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። የእነዚህን ሰዎች ወረቀት በማዕረግ ቅደም ተከተል መደርደር ይቻላል፦ አንዱ ውል ባላምባራስ፣ ሌላው ግራዝማች፣ ሦስተኛው ቀኛዝማች ካለው፣ ቀን ባይኖርም ፊተኛውና ኋለኛው ይታወቃል።

ድርሻውን ማንበብ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። በሸሪዓ የውርስ ሕግ ልጅ ያለው ሟች ሚስት ከ8 አንድ እጅ ታገኛለች፤ ልጅ ከሌለው ከ4 አንድ። ሁለት ሚስቶች ካሉ ያንኑ እጅ ይካፈላሉ። ባል ከሚስቱ ልጅ ካላት ከ4 አንድ፣ ከሌላት ግማሽ ይወርሳል። እናት የሟች ልጅ ካለ ከ6 አንድ ታገኛለች። የቀረው ለልጆች ነው፤ ወንድ የሴት እጥፍ ያገኛል።

አንድ ሰው ሚስት፣ ሁለት ወንድና ሦስት ሴት ልጆች ትቶ ሞተ እንበል፤ ወላጆቹ ቀድመውት ሞተዋል። ቤቱ በ8 ይከፈላል፦ ለሚስት 1፣ ለእያንዳንዱ ወንድ 2፣ ለእያንዳንዷ ሴት 1። ከዓመታት በኋላ በሌላ ወረቀት ላይ ያው ቤት በ24 ተከፍሎ ያገኙታል፦ አንዱ ወንድም 8፣ ሌላው 6፣ አንዷ እህት 4፣ ሁለቱ እህቶች 3፣ 3። ወንድማማቾቹ ለምን እኩል አልሆኑም? ሚስትየው ሞታ ድርሻዋ ወደ ልጆቿ ስለሄደ ነው። ከ8 አንድ ማለት ከ24 ሦስት ነው፤ ሁለቱ ለወንድ ልጇ፣ አንዱ ለሴት ልጇ ሆነ። እንግዲህ 8 ያለው ወንድምና 4 ያላት እህት የዚህች ሴት ልጆች ናቸው፤ ሌሎቹ ሦስቱ ከሌላ እናት፣ ምናልባት ቀድማ ከሞተች ወይም ከተፈታች ሚስት የተወለዱ ናቸው። ወረቀቱ ላይ «በአባት ብቻ ወንድም» የሚል ቃል አንድም ቦታ ሳይኖር ሁለት እናቶች ተገኙ። በቃል ትውልድ ላይ ሁሉም «ወንድማማቾች» ተብለው ያልፉ ነበር።

ሌላ ምልክት አለ። የአጎት ልጅ ወይም የሟች ወንድም በአትክልት ቦታው ላይ ድርሻ ይዞ ከተገኘ፣ ባለቤቱ ወንድ ልጅ ሳይተው እንደሞተ ይጠርጥሩ። ሚስት፣ ሁለት ሴት ልጆችና አንድ ወንድም ሲቀሩ ከ24 እጅ ሚስት 3፣ ሴት ልጆቹ 16፣ ወንድም 5 ይወስዳሉ። በሽያጭ ውል ላይ «ከ24 አምስት እጅ» የሚል ድርሻ ብቻውን ቢያገኙ ይህን ስሌት ይሞክሩ።

ሴትና ወንድ እኩል የተካፈሉበት ወረቀት ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን ልጆችን እኩል ያወርሳል። ወይም ወራሾቹ ተስማምተው ይሆናል። የክርስቲያን ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ የሸሪዓውን ስሌት ከመጀመሪያውም አይጠቀሙበት።

ድርሻው ሳይገጥም ሲቀር ወዲያው ሰው አይፍጠሩ። አባት በሕይወቱ ሳለ ለአንዱ ልጅ በስጦታ ሰጥቶት ይሆናል፤ እህት ገንዘብ ተቀብላ ከውርሱ ወጥታ ይሆናል፤ ወይም ንብረቱ ለመስጊድ ወይም ለዘር ወቅፍ (የማይሸጥና የማይከፋፈል ስጦታ) ተደርጎ ከክፍፍል ውጭ ሆኗል። ለእያንዳንዱ የተለየ ወረቀት መኖር ስላለበት እሱን ይፈልጉ። ካልተገኘ ቦታውን ባዶ ይተዉት።

ኑዛዜ

በሸሪዓ ኑዛዜ ከሀብቱ ሲሶ አያልፍም፤ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር ለወራሽ አይደረግም። ስለዚህ በኑዛዜ የተጠቀሰ ሰው ብዙውን ጊዜ በሕግ የማይወርስ ነው፤ ጥያቄው «ታዲያ ማን ነው?» ይሆናል። አንደኛው መልስ የልጅ ልጅ ነው። አባቱ ቀድሞ የሞተበት ልጅ፣ አጎቱ በሕይወት ካለ አያቱን አይወርስም፤ አያት የሚያዝንለት በኑዛዜ ነው። እንዲህ ያለ ኑዛዜ ካገኙ በዛፉ ላይ ከአያቱ በፊት የሞተ አንድ ወንድ ልጅ ይጨምሩ። ሁለተኛው መልስ ያሳደጉት ልጅ ነው። በሐረር ዙሪያ ጉዲፈቻ የተለመደ ቢሆንም በሸሪዓ አያስወርስም። ሰፈሩ ሁሉ «ልጁ ነው» እያለ በክፍፍሉ ላይ የሌለን ሰው በኑዛዜው ወይም በስጦታ ወረቀት ላይ ይፈልጉት።

ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ወዲህ ያሉት ኑዛዜዎች በሦስት ዓይነት ይመጣሉ። በግልጽ የሚደረገው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በተናዛዡ እጅ የተጻፈው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ ጽሕፈት መሆን አለበት። የቃሉ ሁለት ምስክር ይፈልጋል፣ ተናዛዡ ሦስት ወር ከኖረ ይፈርሳል። ሳይጸድቅ የቀረ ኑዛዜ ለፍርድ ባይረባም ለትውልድ ቆጠራ ይረባል፤ ተናዛዡ ማንን እንደ ቤተሰብ እንደቆጠረ ያሳያል።

አዋሳኙ ሰው

የሽያጭ ውል ቦታውን በአራት አዋሳኝ ይገልጻል። በቂብላ (ወደ መካ በሚሰገድበት አቅጣጫ) በኩል ካለ ሰሜንን ይያዙ፤ መካ ከሐረር ወደ ሰሜን ሆና ትንሽ ወደ ምዕራብ ታዘነብላለች። የራስዎ ሰው ውል ካልተገኘ የጎረቤቱን ይፈልጉ፤ እሱ ላይ አዋሳኝ ሆኖ ተጽፎ ይገኛል። በ1890ዎቹ «የዩሱፍ ቤት» የተባለው አዋሳኝ ከአሥር ዓመት በኋላ «የዩሱፍ ወራሾች ቤት» ከተባለ የሞተበትን ጊዜ በሁለት ቀኖች መካከል አስገቡት ማለት ነው። ቀጥሎ የአንዲት ሴት ስም ከመጣ ሴት ልጁ ትሆናለች ወይም ሚስቱ። እዚህ አገር ሴት ስታገባም የአባቷን ስም ስለማትለቅ መልሱ ከፊትዎ ነው፦ አባቷ ዩሱፍ ከሆነ ልጁ የመሆኗ ነገር ይጠነክራል፣ ሌላ ከሆነ ሚስቱ።

በየውሉ የሚያገኟቸውን አዋሳኞች በአንድ ወረቀት ላይ በካሬ እየሣሉ ያገጣጥሙ። ቤቱ በየትኛው ቶያ (ሰፈር)፣ በየትኛው አዋች (የወልዮች መቃብር) አጠገብ፣ በየትኛው በር አቅጣጫ እንዳለ ይጻፉ፤ በሮቹን ሐረሪው በአንድ ስም፣ ሌላው በሌላ ስም ስለሚጠራቸው ሁለቱንም ይያዙ። ድሬዳዋ ያለ ሱቅ በውርሱ ከተቆጠረ ደግሞ ወረቀቱ ከባቡሩ መምጣት፣ ማለትም ከ1895 ዓ.ም. በኋላ ነው።

ሁለት ሰው አንድ እንዳይሆን

ትልቁ ስሕተት ሁለት መሐመድ አሕመዶችን አንድ ማድረግ ነው። አንድ ሰው ነው ለማለት የሦስት ትውልድ ስም መግጠም አለበት፤ በተጨማሪም ከሚስት ስም፣ ከቶያ፣ ከማዕረግና ከአዋሳኝ ቢያንስ ሁለቱ። የፊደል ልዩነት ግን አያስደንግጥዎ፤ ሙሐመድ፣ መሐመድና ሞሐመድ የጸሐፊው ጆሮ ነው። ሓጂ የሚለው ቃል በኋላ ሊመጣ እንጂ ሊጠፋ አይገባም፤ በ1910 ሓጂ የነበረ በ1920 ሓጂ ካልተባለ ሌላ ሰው መሆኑን ይጠርጥሩ። ምስክሮችንም በሙሉ ይመዝግቡ፤ በየውሉ የሚደጋገም ምስክር ብዙ ጊዜ አማች ወይም አጎት ነው።

ወረቀቶቹ የሚገኙት በመጀመሪያ በቤተሰቡ ሣጥን ውስጥ ነው፤ የልደትና የሞት ቀን የቁርኣን ሽፋን ውስጥ ተጽፎ ሊኖር ስለሚችል እሱንም እንዲያሳዩዎት ይለምኑ። ቀጥሎ የሐረር ሸሪዓ ፍርድ ቤት መዝገብ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ የሸሪፍ ሙዚየም የእጅ ጽሑፎች፣ አዲስ አበባ ደግሞ ቤተ መዛግብትና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አሉ። ስትጠይቁ ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ግምታዊ ዓመት፣ ቶያና የመዝገብ ቁጥር ካለ እሱን ያቅርቡ። ዐረብኛውን የሚያነብልዎት ሰው የከተማውን የድሮ እጅ ጽሕፈት የለመደ መሆን አለበት፤ ነጥብ ያልተደረገበት ጽሑፍ ላይ «ቢንት» እና «በይት» ይምታታሉ፣ ሴት ልጅ ቤት ትሆናለች።

ዛፉ ሲጠናቀቅ ለፍርድ ቤት ማስረጃ አድርጎ ለማቅረብ የሚያስብ ቤተሰብ አስቀድሞ ጠበቃ ያነጋግር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የወራሽነት ክስ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቁበት ጊዜ ጀምሮ በሦስት ዓመት፣ ከዘር ርስት በቀር ደግሞ በ15 ዓመት ይታገዳል። በ1967 የተወረሰ ቤት ጉዳይም ከዚህ የተለየ መንገድ አለው።