ጉዳያችሁ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲጓተት አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለም እንዲጠየቅ ይደነግጋል። መስኮቱ ጋ ስትደርሱ ግን ይህን መብት የሚያስከብርላችሁ በእጃችሁ ያለው ወረቀት ነው።

እኔ ይህ የገባኝ ስምንት ወር ካባከንኩ በኋላ ነው። ለአንድ የይዞታ ጉዳይ ስመላለስ «ማክሰኞ ና» እባላለሁ፣ እሄዳለሁ። በመጨረሻ ኃላፊው ዘንድ ስገባ «መቼ አመለከትክ?» አለኝ። የማሳየው ነገር አልነበረኝም። ያን ሁሉ ጊዜ የተናገርኩት የትም አልተጻፈም።

ስለዚህ መጀመሪያ ማመልከቻ ጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል።

ዋናው ሥራ መዝገብ ቤት ላይ ነው። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን አስገቡ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርጉ። «ተዉት፣ እኛ እናደርሰዋለን» ሊሏችሁ ይችላሉ። አትተዉት። «ቁጥሩን ብቻ ጻፉልኝ» ብላችሁ በትህትና እዚያው ቁሙ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ደብዳቤ እንዳልገባ ቁጠሩት። ማህተም ያረፈበትን ኮፒ ወዲያው በስልክ ፎቶ አንሱት። ኮፒውን ራሱን ለማንም አትስጡ።

በሰው ማስጨረስ ይቀላል የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም። ሰውዬው የተዛወረ ቀን ጉዳያችሁ ባለቤት ያጣል።

መልስ ከጠፋ ለዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ሰሚ አመልክቱ፤ እዚህም ቁጥርና ማህተም። «አይቻልም» ከተባላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔያቸው በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱን እንዲገልጽ ያስገድዳቸዋል። እኔም በሁለተኛው ዙር ያገኘሁት እምቢታ ነበር፤ ግን ስምና ፊርማ ያለበት ነው። ይግባኝ ያልኩት እሱን ይዤ ነው።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሂዱ። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ ነው፤ አቤቱታ በነፃ ይቀበላል፤ መጻፍ ለማይችል በቃልም ይሆናል። ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን አይመለከትም። መርምሮ ለመሥሪያ ቤቱ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ እንደ ዳኛ አይፈርድም። ስትሄዱ ወረቀቶቻችሁን በቀን ቅደም ተከተል አስተካክሉ፤ ማህተም ያለው የመጀመሪያው ማመልከቻ ከላይ ይሁን።