"አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛልን" ሲሏችሁ፦ የመስሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሁፍ በቀበሌ፣ በክፍለ ከተማ፣ በወረዳ፣ በጤና ጣቢያና በትምህርት ቤት ለምትሰሩ የአይቲ ልጆች ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥም ሆነ ከአዘዞ ወዲያ ባሉት ወረዳዎች የሚደርሰኝ ጥሪ አንድ አይነት ነው። ገመዱ መሰካቱን እዩ፣ ሪስታርት አድርጉ እያልኩ ጊዜያችሁን አልወስድም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ ከሚያጋጥመው ልጀምር።

ምልክት፦ ሲከፈት ይዘገያል፣ ወርድ እስኪከፍት ሰው ይሰለቻል

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ነው። ፕሮሰሰሩ አይደለም፣ እድሜውም አይደለም። ዊንዶውስ 10 ሲከፈት በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ከዚህም ከዚያም እየለቀመ ያነባል። የሚሽከረከረው የድሮ ዲስክ እንዲህ የተበታተነ ነገር ሲያነብ በሰከንድ ከመቶ ብዙም አያልፍም። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው አዲሱ የዲስክ አይነት) በአስር ሺዎች ያነባል። ፕሮሰሰሩ ስራ ፈቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

ለማረጋገጥ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ዲስኩ 100% ላይ ተሰቅሎ ሲፒዩው 10 ወይም 15% ላይ ከሆነ ጥፋተኛው ታውቋል። ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ሆኖ ጢም ብሎ ከሞላ እሱም ይጨመርለት።

መፍትሄው 240 ጊጋ ኤስኤስዲ እና 4 ጊጋ ተጨማሪ ራም ነው። ዋጋው ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር አይወዳደርም። ዲስክ የመቀየሩ ስራ በካቻቪቴ የሚያልቅ ነው።

አንድ መስሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የሚሰሩ እናት አሉ። ጠዋት ገብተው ማሽኑን ይጫኑታል፤ ከዚያ ጠረጴዛ ይወለውላሉ፣ የትናንቱን ፋይል በየመደርደሪያው ይመልሳሉ፣ መስኮት ይከፍታሉ። ማሽኑ አሁንም ሰማያዊ ስክሪን ላይ ክቡን ያሽከረክራል። "እትዬ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አልኳቸው። "ኧረ ልጄ፣ ለምደነዋል" አሉኝ። ባለጉዳዩ ግን በር ላይ ቆሟል። የማሽኑን ሳጥን ስንከፍተው በበጋው አቧራ ማራገቢያው ግራጫ ብርድ ልብስ ለብሷል። ውስጡ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ነው፤ ለደብዳቤና ለመዝገብ ስራ ከበቂ በላይ። አቧራውን በብሎወር አራገፍን፣ ዲስኩን ቀየርን፣ ራም ጨመርን። በማግስቱ ሲከፍቱት መጥረጊያ ጨርቃቸውን ገና አላነሱም ነበር። ጎንበስ ብለው ከጀርባው የተለጠፈውን የንብረት ቁጥር አዩ። "የኔው ነው? ቀየራችሁት እንዴ?"

እዚያው ግቢ ስቶር ውስጥ ያንኑ ሞዴል የሆኑ ማሽኖች ተደርድረው ለመወገድ ይጠብቃሉ። ለምን ተመለሱ? "ይዘገያሉ" ተብለው። ገዥው ደግሞ ሶስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ አዲስ ሊገዛ ነው፤ ሰኔ 30 ደርሷል፣ በጀቱ እንዳይመለስ ተብሎ። ይህ ነገር ያናድደኛል። በጥድፊያ የሚገዛው ማሽን ብዙ ጊዜ ያንኑ የሚሽከረከር ዲስክና 4 ጊጋ ራም ይዞ ነው የሚመጣው። ከሁለት ዓመት በኋላ እሱም "አርጅቷል" ይባላል። ግዥ ሲጠየቅ ዝርዝሩ ላይ "ኤስኤስዲ" የሚለውን ቃል ጻፉ። ካልጻፋችሁ ነጋዴው የራሱን ያመጣል።

የአካባቢ ጉዳይም እዚሁ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ኃይል ነው የሚመነጨው። ስለዚህ ኮምፒውተራችን የሚያመጣው ብክለት በዋናነት ሲበራ አይደለም፤ ፋብሪካ ውስጥ ሲሰራና ሲጣል ነው። አንዱን ማሽን አምስት ዓመት ጨምሮ ማሰራት ማንኛውም "አረንጓዴ" የሚል ተለጣፊ ካለበት አዲስ ዕቃ ይበልጣል።

አሁን ማስጠንቀቂያዎቹ።

ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምጽ ካለው ወይም ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው የዲስክ ጤና ማሳያ ፕሮግራም ቢጫና ቀይ ካሳየ ምንም ጥገና አትሞክሩ። መጀመሪያ ፋይሉን ቅዱ። አንድ ቦታ የሂሳብ ክፍሉ ዲስክ መንተባተብ ሲጀምር የተጠራው ቴክኒሻን በቀጥታ የዊንዶውስን ዲስክ መፈተሻ ለቀቀበት። ሊሞት የደረሰ ዲስክ ሌሊቱን ሙሉ ሲታሽ አደረና ጠዋት ጭራሽ አልታይ አለ። የዓመቱ ደመወዝ ሰነድ ከወረቀት እንደገና ተለቀመ። ቅጂ ይቀድማል፤ ጥገና ይከተላል።

ዴስክቶፕና "ማይ ዶክመንት" ብቻ ቀድታችሁ አትሂዱ። ሰራተኛው ፋይሉን የት እንደሚያስቀምጥ ጠይቁት። ሪሳይክል ቢን ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፤ እውነቴን ነው። የአውትሉክ (የኢሜይል) እና የፒችትሪ (የሂሳብ) ፕሮግራሞች ፋይሎችም በሌላ ቦታ ነው የሚቀመጡት። የድሮውን ዲስክ ቢያንስ አንድ ወር ስሙን ጽፋችሁበት ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ አቆዩት።

የውሸት ኤስኤስዲ፣ ፍላሽና ኤክስተርናል ገበያውን ሞልቶታል። 2 ቴራ የሚል ተጽፎበት ውስጡ 64 ጊጋ ብቻ ያለው አለ። ሲቀዱበት ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ፋይሉ ግን ሲከፈት የለም። ዕቃው ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦለት ከመግባቱ በፊት ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሙሉውን ሞልታችሁ ፈትኑት። ንብረት ክፍል ቢያጉረመርም ይታገሳችሁ። ከፈረማችሁ በኋላ ነጋዴው ስልክ አያነሳም።

ምልክት፦ ኤስኤስዲ ከገባ በኋላም ማሽኑ ይንቀረፈፋል፣ ማስታወቂያ ይዘላል፣ አንቲቫይረሱ ራሱ ይጠፋል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ክራክ ነው፤ ያልተገዛን ፕሮግራም እንደተገዛ አስመስሎ የሚያሰራ ማለት ነው። ዊንዶውስና ኦፊስ "አክቲቬት" የሚያደርገው ፕሮግራም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ አንቲቫይረሱን እንድታጠፉለት ነው። እስኪ አስቡት፤ በሩን የሚከፍትላችሁ ሰው ቀድሞ ዘበኛውን አስወጡልኝ ካለ ምን ሊያስገባ ነው? የነዋሪ መታወቂያ፣ የታካሚ ካርድ፣ የግብር መዝገብ ያለበት ማሽን ላይ ይህን መጫን ትልቅ ጥፋት ነው። ዝማኔውንም ብዙ ጊዜ ስለሚያቆም ቀዳዳው እንደተከፈተ ይቀራል። በግንቦት 2009 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የሚባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የገባባቸው ማሽኖች ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ያወጣውን ዝማኔ ያልጫኑት ናቸው።

ዊንዶውስ 10 ራሱ ነጻ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕ እና ከኢንቴል ቢያንስ ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ያን እያሳለፉ በግድ መጫን ይቻላል፤ ለመስሪያ ቤት ግን አልመክርም።

መፍትሄው ማሽኖቹን ለሁለት መክፈል ነው። የፋይናንስ ፕሮግራም፣ ፒችትሪ ወይም በዊንዶውስ ብቻ የሚሰራ ነገር ያለባቸው ህጋዊ ዊንዶውስ ይገዛላቸው፤ ጥቂቶች ስለሚሆኑ ወጪው ይቻላል። ደብዳቤ የሚጽፉት፣ ኢሜይል የሚልኩትና ብሮውዘር ብቻ የሚከፍቱት በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት፣ በኦፊስ ፋንታ ሊብሬኦፊስ ይግባላቸው። ነጻ ነው፣ ህጋዊ ነው፣ ዝማኔው አይቋረጥም። 4 ጊጋ ራም ላለው ማሽን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ የሚንት አይነት ምረጡ።

አንድ ቀን ተነስታችሁ ሁሉንም አትቀይሩ። የፈረንሳይ ዣንዳርምሪ (ወታደራዊ ፖሊስ) እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ የቀየረው የቢሮውን ፕሮግራም ነበር፤ ሰራተኛው ከለመደው በኋላ በ2008 ኡቡንቱ ወደሚባለው ሊኑክስ መሻገር ጀመረ። እናንተም ሊብሬኦፊስን አሁን ባለው ዊንዶውስ ላይ ጭናችሁ ለወራት አስለምዱ። ጸሐፊዋን ሳታማክሩ ብትቀይሩባት በሳምንቱ የሰፈር ልጅ ጠርታ ክራኩን መልሳ ታስጭናለች። ተቀምጣችሁ አሳዩአት።

ምልክት፦ የድሮ ደብዳቤ ሲከፈት ፊደሉ የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል

ቫይረስ አይደለም። ሰነዱ የተጻፈው ዩኒኮድ (ለሁሉም ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ስርዓት) ባልሆነ የድሮ ፎንት ነው፤ ቪዥዋል ግዕዝ የመሳሰሉት የላቲንን ቦታ ይዘው ነበር የሚሰሩት። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ላቲኑ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ ምክንያት የለንም። ፎንቱ ባለበት የድሮ ማሽን ላይ ከፍታችሁ መጀመሪያ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከዚያ የሚፈለገውን ብቻ ወደ ዩኒኮድ ለውጡ። የድሮውን ማሽን ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ነው ይህ የሚሰራው! አዲስ ሰነድ ሁሉ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ በሚባሉት የዩኒኮድ ፎንቶች ይጻፍ።

ምልክት፦ ፍላሹ ላይ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆኑ

ፋይሉ አልጠፋም። ቫይረሱ እውነተኛዎቹን ደብቆ በስማቸው ሾርትከት አስቀምጧል። ሾርትከቱን አትንኩት፤ ሲነካ ነው ወደ ማሽኑ የሚገባው። ፎርማትም አታድርጉት፤ ስንት ሰው ሪፖርቱን የቀበረው በዚህ ነው። ሊኑክስ ባለበት ማሽን ላይ ሰኩት። ፎልደሮቹ ይታያሉ፤ አንዳንዴ ሁሉም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ተከማችተው ታገኟቸዋላችሁ። ፋይሎቹን ቅዱ፣ ሾርትከቶቹንና ቪቢኤስ የሚል ጭራ ያላቸውን አጥፉ።

ምንጩ ብዙ ጊዜ ከመስሪያ ቤቱ በር ላይ ያለው የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ባለጉዳዩ ማመልከቻውን እዚያ አስጽፎ በፍላሽ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ከስቶር የወጣ ማሽን ላይ ሊኑክስ ጫኑና የውጭ ፍላሽ በሙሉ በእሱ በኩል ብቻ ይግባ። ወጪው ምንም ነው።

ምልክት፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ አልነሳ ይላል

መብራቱ ሲሄድ አይደለም የሚያቃጥለው፤ ሲመለስ ነው። መብራት ሲጠፋ ዲቫይደሩን አጥፉ፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ዩፒኤሱ "ሞቷል" ተብሎ ከመጣሉ በፊት ክፈቱት፤ ትንንሾቹ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት የሆነ ባትሪ ነው፣ እሱ ብቻ ይቀየራል። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ። ወረቀቱን ለማጋል በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ዩፒኤሱን ይገድለዋል። ደግሜ እላለሁ፣ ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ ኢንተርኔቱ እየሰራ ድረ ገጾች "ደህንነቱ አልተጠበቀም" ካሉ ቀኑን እዩ፤ ወደ ኋላ ሄዶ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሲአር 2032 ባትሪ ቀይሩ። ሲነሳ ጢጥ ጢጥ ብሎ ስክሪን ካላሳየ ራሙን አውጥታችሁ ቢጫውን ጥርስ በላጲስ አጽዱ። ማዘርቦርዱ ላይ ያበጠ ካፓሲተር ካያችሁ ራሙንና ፕሮሰሰሩን ለሌላ አትርፉ።

በእርግጥ የሞተ ማሽን ሲወገድ

የተለመደው ፈጣን ፎርማት ማጥፋት አይደለም። በነጻ ፕሮግራም የሚመለስ መረጃ ይዞ ለጨረታ የወጣ ዲስክ አይቻለሁ፤ የሰው ስም፣ ስልክና ፎቶ ሞልቶበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መስሪያ ቤትንም ይመለከታል። የሚሽከረከረውን ዲስክ ኤንዋይፕ በሚባለው ፕሮግራም ሙሉውን ደምስሱ፤ የማይነበብ ከሆነ በመሰርሰሪያ ብሱት። ለኤስኤስዲ ከአምራቹ የሚመጣውን የመደምሰሻ ትዕዛዝ ተጠቀሙ። የዩፒኤስ ባትሪና የድሮ ወፍራም ስክሪን እርሳስ ስላላቸው ከግቢ ቆሻሻ ጋር አይቃጠሉም፣ ወደ ወንዝ ዳር አይጣሉም። ተለይተው ስቶር ይቀመጡ። የተደመሰሰው ዲስክ ሲሪያል ቁጥር ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር፤ የንብረት ኃላፊውና የአይቲ ባለሙያው ሁለቱም ይፈርሙበት።