ሁለት ተማሪ፣ አንድ ካሜራ፦ የእኛን ስህተት አትድገሙ

እኔ ቀን ካሸር ነኝ፣ ማታ አካውንቲንግ እማራለሁ። ባለቤቴ ቀን ሲቪል ምህንድስና ይማራል፣ ማታ የሌላ ሰው ልጆች ያስጠናል። በደንብ የምንገናኘው ቅዳሜ ማለዳ ነው፤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወፍ ፎቶ እናነሳለን። እናቴ «ሥራ ፈቶች» ትለናለች። ሥራ እንኳ አልፈታንም፤ ስህተት ግን ሞልቶናል።

ትልቁ የእቁብ ብር ነው። መስከረም ላይ እጣ ወጣልን፣ በዚያው ሳምንት 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገዛን። ደስታችን ሦስት ሳምንት አልቆየም፤ የእኔ መመዝገቢያ ደረሰ። ባለቤቴ ከወንድሙ ተበደረ፣ እኔ ከሥራ ቦታ የደመወዝ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቅኩ፣ እስከ ገና ሽሮ በላን። ስንገባ እቁቡ ለምን እንደሆነ አልተነጋገርንም ነበር። እኔ ለትምህርት መስሎኛል፣ እሱ ለሌንስ። አሁን ገና ስንጀምር ስም እናወጣለታለን፦ «የየካቲት ምዝገባ»። ዳኛውንም ቀደም ብለን አናግረን እጣውን ለዚያ ወር እናስይዛለን። ችግርህን በጊዜ ከነገርከው ብዙ ዳኛ እሺ ይላል። የካሜራ ዕቃ የሚገዛው ልደት አንስተን ባገኘናት ብር ብቻ ነው። ትንሽ ናት፤ ትጠራቀማለች።

ያን ሌንስ ደግሞ ሳንፈትሽ ነው የገዛነው። ውስጡ ፈንገስ ነበረው። ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ የስልክ መብራት ከኋላ አብሩበትና በፊት በኩል እዩ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ተዉት። ካሜራ ከሆነ ስንት ጊዜ ፎቶ እንደተነሳበት ጠይቁ። ለጀማሪ ከተሠሩት ብዙዎቹ የሚገመቱት ለ100,000 ጊዜ ያህል ነው። ሐይቅ ዳር ደግሞ ፈንገስ የሚወደው እርጥበት አለ። እኛ ዕቃውን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሳጥን አስቀምጠን፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምናገኛትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት እንጨምርበታለን።

ሰዓት ሌላው ጣጣ ነው። ከአውሮፓ የሚመጡት ወፎች እዚህ የሚሰነብቱት ከመስከረም እስከ መጋቢት ግድም ነው። የፈተናና የአሳይመንት ሰሞን ማለት ነው። መጀመሪያ ማታ ማታ ክፍል እየቀረሁ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ እሄድ ነበር፤ ቂልነት! ከተማዋ ከሐይቁ ምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ወደ ውሃው ስትዞሩ ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት፣ ወፉ ላባው ሳይቀር ይታያል። ማታ ፊት ለፊት ትመጣና የምታገኙት ጥቁር ጥላ ነው። ለጥላ ብዬ ነበር ክፍል የቀረሁት። አሁን ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ በቃ።

ዱቤ መደባበቅም አለ። እኔ ሰፈር ሱቅ የዘይትና የእንቁላል ዱቤ ነበረብኝ፤ ባሌ እንዳይጨነቅ ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ማታ ባለሱቁ «እህቴ፣ የባልሽንም አብረሽ ትዘጊያለሽ?» አለኝ። ለካ እሱም ለካርድና ለዳቦ እዚያው ሱቅ ዱቤ ይዟል፣ እሱም እኔ እንዳልጨነቅ ብሎ! ሳቅኩ፣ ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር አለን፤ እሁድ ቡና ሲፈላ ይገለጣል።

ለሁለት ሰው አንድ ካሜራ መሻማትን ግን ማንም አላስጠነቀቀንም። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ ማንም ያነሳቸዋል፤ እነሱ የትም አይሄዱም። ዓሣ አዳኙ ንስር ግን አንዴ ነው የሚወረወረው። ካሜራው እኔ ጋ ነበር። «አምጪው! አምጪው!» ብሎ ማንገቻውን ሳበው። ንስሩ ዓሣውን ይዞ ሄደ፣ እኛ ተኳርፈን ቀረን። አሁን ተራ አለን፦ አንድ ቅዳሜ የእኔ፣ አንድ ቅዳሜ የእሱ። ካሜራ ያልያዘው በዓይኑ ይፈልጋል።

በፈተና ሳምንት የሠርግ ፎቶ ሥራ መቀበልንስ? አታድርጉት፤ ዝርዝሩን ለመጻፍ ራሱ ይደክመኛል።

የፊታችን ቅዳሜ ተራው የእሱ ነው። እኔ የታክስ ፈተና ስላለብኝ ካሜራውንም ንስሩንም ትቼለታለሁ። ደብዛዛ ፎቶ ይዞ ከመጣ ግን ዝም አልለውም።