የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 15ን በስቅለት ዕለት በየሰዓቱ ማንበብ

በሕመም ወይም ሕፃን በመጠበቅ ምክንያት ስቅለትን በቤታችሁ ለምትውሉ የድሬዳዋ ምእመናን አንድ ምክር ላካፍላችሁ። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 15ን በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ይልቅ ወንጌላዊው ራሱ በጠቀሳቸው ሰዓታት ከፋፍላችሁ አንብቡት፤ ማለዳ ጌታ ለጲላጦስ ተላልፎ መሰጠቱን፣ በ3 ሰዓት መሰቀሉን፣ በ6 ሰዓት ጨለማው በምድር ላይ መውረዱን፣ በ9 ሰዓት በታላቅ ድምፅ መጮኹን፣ ሲመሽም የአርማትያሱ ዮሴፍ ሥጋውን ለምኖ መቅበሩን። የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከወንጌሉ ጋር ስለሚገጥም ማስላት አያስፈልግም። በተለይ ቁጥር 33ን፣ የከዚራ ጎዳና በቀትር ፀሐይ በሚግልበት ሰዓት፣ ያ ሁሉ ብርሃን ድንገት ቢጠፋ ምን ይሰማን እንደነበር እያሰባችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ደጋግሙት። በየንባቡ መካከል አቅም የፈቀደውን ያህል ስገዱ፤ የታመመ ሰው ተቀምጦ ቢጸልይ ይበቃዋል።