ነጥቡ ከኢላማው ሲሸሽ፦ አዲስ ሬድ ዶት ከመግዛትዎ በፊት

ቨርጂኒያ ውስጥ የአጋዘን አደን ሊከፈት ሲቃረብ በጥገና ጠረጴዛዬ ላይ ስለ ሬድ ዶት፣ በመስታወቱ ውስጥ ቀይ የብርሃን ነጥብ ስለሚያሳየው የጠመንጃ ማነጣጠሪያ፣ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፦ «ሬድ ዶቴ አርጅቷል፤ አዲሱን ልግዛ?» እኔም «መጀመሪያ ያረጀውን ያሳዩኝ» እላለሁ። አብዛኞቹ ዕቃው አላረጀባቸውም፤ ብሎኑ ነው የላላባቸው።

ጠመንጃ ባዶ ማድረግን፣ ባትሪ መቀየርንና መስታወት መጥረግን እዚህ አላስተምርም። እነዚህን የማያውቅ ሰው ካቻቪቴውን ያስቀምጥ።

ምልክት፦ ነጥቡ ክብ አይደለም፤ ጭራ አውጥቷል፣ እንደ ኮከብ ይበተናል

መንስኤው ብዙውን ጊዜ የእርስዎ ዓይን ነው። አስቲግማቲዝም (ብርሃንን የሚያዛባ የዓይን ቅርጽ ጉድለት) ያለበት ሰው የሺህ ዶላሩንም ሬድ ዶት ጭራ አውጥቶ ያየዋል። ለመለየት ስልክዎን በመደገፊያ አቁመው ነጥቡን በመስታወቱ ውስጥ ፎቶ ያንሱት፤ በፎቶው ላይ ክብ ከሆነ ዕቃው ጤነኛ ነው። ስልክ የማያምን ደግሞ ራሱን ቀጥ አድርጎ ባዶውን ጠመንጃ ወደ ጎን ያጋድም። ጭራው አብሮ ከዞረ ችግሩ የዕቃው ነው፤ ባለበት ከቀረ የዓይን ነው።

መፍትሄው ብርሃኑን መቀነስ ነው። ነጥቡን ፀሐይ አስመስሎ አብርቶ «ይበተናል» የሚለኝ ሰው ቁጥሩን አላውቅም። የኋላ የብረት ማነጣጠሪያ ካለዎት በቀዳዳው አሾልከው ይዩት፤ ጭራው ይሰበሰባል። ይህም ካልሆነ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከዚያ በኋላም የሚያስቸግር ከሆነ ገንዘብዎን በሌላ ሬድ ዶት ላይ ሳይሆን ምልክቱ በመስታወቱ ላይ በተቀረጸ የፕሪዝም ማነጣጠሪያ ላይ ያውሉት።

ምልክት፦ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይበራል

አዲስ ባትሪ ካስገቡ በኋላ ከሆነ ባትሪውን አውጥተው ይመልከቱት። ሕፃናት እንዳይውጧቸው መራራ ቅባት የተቀቡ ሲአር2032 የሚባሉ ክብ ጠፍጣፋ ባትሪዎች አሉ፤ ቅባቱ አንዳንድ ዕቃ ውስጥ ግንኙነቱን ያቋርጣል። በአልኮል ይጥረጉት ወይም ያልተቀባ ይግዙ። በቀጭኑ ድቡልቡል (ኤኤ) ባትሪ የሚሠራ ሬድ ዶት ካለዎት ደግሞ አልካላይን ባትሪ ከተውበት ቁም ሳጥን ውስጥ አያክርሙት። ባትሪው ያፈሳል፤ አረንጓዴውን ዝቃጭ የምፍቀው እኔ ነኝ።

ምልክት፦ ትናንት መሃል የመታ ዛሬ ወደ ግራ ይመታል

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን ያንብቡ። አምስቱ ጥይት ተቀራርቦ ነገር ግን ከመሃል ርቆ ካረፈ ማስተካከያው ነው የተዛነፈው፤ የማስተካከያውን ብሎን በጥቂት ጠቅታ ሲያዞሩት ይመለሳል። እንደ ወንፊት ተበታትኖ ከሆነ ሬድ ዶቱን ከመክሰስዎ በፊት ጥይቱን ይቀይሩ፣ ጠመንጃውንም በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈው ይተኩሱ። ሁለት እዚህ፣ ሦስት እዚያ ሆኖ በሁለት ጎራ ከተከፈለ ግን የላላ ነገር አለ። የላላ ዕቃ ጠመንጃው በተራገጠ ቁጥር ከሁለት ቦታ በአንዱ ይቀመጣል፤ ወረቀቱም ሁለቱንም ይመዘግባል።

ዕድሜያቸውን በታክሲ ሥራ የጨረሱ አንድ ጋሼ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው መጡ። «የእኔ ልጅ፣ ይኼ አብቅቶለታል፤ አዲሱን ስጠኝ» አሉኝ። ገንዘቡን በፖስታ አድርገው ይዘዋል። «ጋሼ፣ እስቲ አረፍ ይበሉ» ብዬ ጠመንጃውን ተቀበልኩ፣ ባዶ መሆኑን አየሁ፣ ሬድ ዶቱን በሁለት ጣት ይዤ ወዘወዝኩት። «ቀጭ» አለ። ትንሽ ድምፅ ናት፤ ጆሮ ካላስጠጉ አትሰማም።

አውርጄ ገለበጥኩት። ሬድ ዶቱን ከመቀመጫው፣ ጠመንጃው ላይ ከሚታሰርበት ብረት፣ ጋር የሚያያይዙት አራት ደቃቅ ብሎኖች ናቸው። ሁለቱ በጥፍሬ ዞሩ፣ ሦስተኛው ግማሽ ዙር ላልቷል፣ አራተኛው ብቻውን ጭነቱን ተሸክሟል። ሁሉም በጠመንጃ ዘይት ርሰዋል። «ዝገት እንዳይበላቸው ብዬ ነው» አሉ ጋሼ። ዘይት የጠጣ ብሎን በተተኮሰ ቁጥር ራሱን እየፈታ ይሄዳል።

አራቱንም አወጣሁ፤ የብሎኑንም የቀዳዳውንም ጥርስ በአልኮል አጥቤ አደረቅሁ። ከሰማያዊው የብሎን ማጣበቂያ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጠብታ አደረግሁ። ከዚያ ልክ በሚቆጥር ካቻቪቴ፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከማዶ እያልኩ፣ መመሪያው ባዘዘው 12 ኢንች-ፓውንድ (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) አጠበቅኋቸው። ማጣበቂያው 24 ሰዓት ስለሚፈልግ ጋሼን በማግስቱ ቀጠርኳቸው። በ50 ያርድ ቀድሞ በሁለት ጎራ ተከፍሎ የነበረው አምስት ጥይት አሁን የሲኒ አፍ በሚያህል ቦታ ተሰበሰበ። ጋሼ ፖስታውን ወደ ኪሳቸው መልሰው የቡና ሰጡኝ።

ቀዩን ማጣበቂያ አይጠቀሙ። ደግሜ እላለሁ፣ ቀዩን አይጠቀሙ። እሱን ለመፍታት ከባድ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ሙቀቱ ብሎኑን ሳይፈታ መስታወቱንና መብራቱን ይገድላል። ሰማያዊውንም ቢሆን ጠብታው ወደ መስታወቱ እንዳይሄድ፣ ወደ ማስተካከያው ብሎን እንዳይደርስ ይጠንቀቁ። «እጄ ልኩን ያውቃል» የሚል ሰውም አይንካው፤ እጁ የሚያውቀው የመኪና ጎማ ብሎን ነው። የእነዚህ ልክ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ኢንች-ፓውንድ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጥርሱ ይበላል። የኮከብ ካቻቪቴው ጫፍ ያለቀ ከሆነ ይጣሉት። ፊቱ የተበላ ብሎን ማውጣት ከሬድ ዶቱ ዋጋ በላይ ያናድዳል።

ብሎኖቹ ጠብቀው አሁንም የሚሸሽ ከሆነ መቀመጫው ሐዲዱን፣ በጠመንጃው አናት ያለውን ባለ ቦይ ብረት፣ የያዘበትን ይዩ። ከማጥበቅዎ በፊት መቀመጫውን ወደ አፈሙዙ አቅጣጫ ገፍተው ከቦዩ የፊት ግድግዳ ጋር ያገናኙት፤ አለዚያ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ራሳቸው ይገፉታል፣ ያስተካከሉትም ከንቱ ይሆናል። በጠመንጃው አካል ላይ እንጂ አፈሙዙን በከበበው የፊት የእጅ መያዣ ላይ አይግጠሙት፣ በሁለቱ መገናኛ ላይማ በፍጹም። የእጅ መያዣው ሲጫኑትና ሲሞቅ ይንቀሳቀሳል፤ ሬድ ዶቱም አብሮት ይሄዳል። ሲጨርሱ ከብሎኑ ራስ ወደ መቀመጫው የሚዘልቅ መስመር በነጭ ቀለም ያስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል፤ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግዎትም።

የብረት ማነጣጠሪያ ያለው ሰው ሌላም ምስክር አለው። ጠመንጃው በትክክል ሲመታ ነጥቡ ከፊተኛው እሾህ አንጻር የት እንደሚቀመጥ ልብ ይበሉ። ማስተካከያውን ማንም ሳይነካው ነጥቡ ከዚያ ከለቀቀ አንድ ነገር ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።

አንድ ደንበኛ ነጥቡ እየሸሸ አስቸግሮት ሦስት ሬድ ዶት ገዝቷል። ሦስቱንም ያሰረው ከመጀመሪያው ጋር በመጣው አንድ ርካሽ መቀመጫ ላይ ነው። ከስር ስመለከተው መያዣ ጥርሱ ከጎን ተሰንጥቋል። ሦስቱም ሬድ ዶቶች ደህና ነበሩ።

አልፎ አልፎ የማያቸው

መስታወቱ ከውስጥ ጉም ከያዘ ማሸጊያው አልቋል፤ ወደ አምራቹ ይላኩት። ጠቅታው ይሰማል ጥይቱ ግን አይንቀሳቀስም ከሆነ በ50 ያርድ 20 ጠቅታ ወደ ቀኝ ያዙሩ፤ ግማሽ ኤምኦኤ (የማዕዘን መለኪያ ነው፤ አንዱ በ100 ሜትር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል) በሆነ ጠቅታ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሄድ አለበት፤ ካልሄደ ውስጡ ተበላሽቷል። የታወቀ ስም ተለጥፎበት በሩብ ዋጋ የተሸጠልዎት ከሆነ ደግሞ የፕላስቲክ ፍሬ ለሚተፋ መጫወቻ የተሠራ ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ እሱን አልጠግንም።

ታዲያ መለወጥ የሚያዋጣው መቼ ነው?

የስዊድኑ ኤይምፖይንት የመጀመሪያውን ኤሌክትሮኒክ ሬድ ዶት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ትልቁ ለውጥ የታየው በባትሪው ዕድሜ ላይ ነው። የዚሁ ኩባንያ ኮምፕ ኤም2 በአንድ ባትሪ 10,000 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ኮምፕ ኤም4 80,000 ሰዓት። ባትሪው በየጊዜው የሚያልቅ የድሮ ዕቃ ይዘው በፈለጉት ሰዓት የማያገኙት ከሆነ ለውጡ ገንዘቡን ያወጣል። የኤይምፖይንትን ማይክሮ ቲ-1 ይዞ ቲ-2 የሚመኝ ግን ይታገስ። ሁለቱም በአንድ ሲአር2032 50,000 ሰዓት፣ ማለትም ከ5 ዓመት በላይ ይሠራሉ። ቲ-2 የጠራ መስታወትና ለማስተካከያው የተሻለ መከለያ አለው፤ ጥይትዎን ግን ወደ መሃል አይጎትተውም። የእርስዎ ቲ-1 ባለ 4 ኤምኦኤ ነጥብ ከሆነና በ100 ሜትር 12 ሴንቲ ሜትር ያህል መሸፈኑ ካስቸገረዎት፣ ባለ 2 ኤምኦኤ መግዛት ምክንያት አለው። ኢኦቴክን የመሰለ ሆሎግራፊክ (ምልክቱን በሌዘር የሚያሳይ) ማነጣጠሪያ የሚሹም ክብ ምልክቱን ከወደዱት ይግዙ፤ የኢኦቴክ ኤክስፒኤስ በአንድ ባትሪ የሚቆየው 1,000 ሰዓት ገደማ መሆኑን ግን አውቀው ይግቡበት። በጀትዎ ጠባብ ከሆነ ያለዎትን ሬድ ዶት ይዘው ጥሩ መቀመጫ ይግዙ።

አሮጌውን ለወንድማቸው አገር ቤት ለመላክ ብለው አዲስ የሚገዙም አሉ። ሬድ ዶት ከአሜሪካ ለማውጣት የመንግሥት የወጪ ንግድ ፈቃድ የሚጠየቅበት ዕቃ ነው። ከልብስና ከሽቶ ጋር በመንገደኛ ሻንጣ አይላክም፤ መንገደኛውን ያሳስሩታል።