የመኪና እሳት ማጥፊያ፦ ቀስቱ አረንጓዴ ላይ ሆኖ ዱቄቱ የማይወጣው ለምንድን ነው?

የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ቀስት ጠዋት ይወርዳል፣ ቀትር ላይ ይወጣል።
ደብረ ብርሃን ያደረ መኪና ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ይህ ቢታይ ብልሽት አይደለም። በ20 ዲግሪ ሙቀት 15 ባር ግፊት የሚያሳይ ሲሊንደር በ5 ዲግሪ ወደ 14፣ በ35 ዲግሪ ወደ 16 ባር ይጠጋል። በሙቀት መሀል ከአረንጓዴው በታች ከወረደ ግን ጋዙ እየሾለከ ነው። አንገቱን፣ የጌጁን ሥርና አፉን የሳሙና አረፋ ይቀቡት፤ አረፋው የሚነፋበት ቦታ ነው የሚያሾልከው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያረጀ ኦሪንግ (ጋዙ እንዳይወጣ የሚዘጋ የጎማ ቀለበት) ነው፤ አለዚያ አንድ ሰው "ይሠራል ወይ?" ብሎ እጀታውን ለቅጽበት ጨብጦታል። ያኔ ቫልቩ ላይ የቀረው ዱቄት ክዳኑን በደንብ እንዳይገጥም ያደርገዋል፤ ጋዙም ቀስ በቀስ ያልቃል። ስለዚህ በመርጨት አይሞከርም። አንገቱንም ራስዎ አይፍቱት፣ ግፊቱ ጭንቅላቱን ያስፈነጥረዋል። ለሚሞላ ባለሙያ ይስጡት።

ቀስቱ አረንጓዴ ላይ ነው፣ ሲጫን ግን ጋዝ ብቻ ይወጣል።
ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ጌጁ የሚለካው ግፊትን እንጂ ዱቄቱን አይደለም። በጠጠር መንገድ የሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ ዱቄቱ ሥሩ ላይ ተጠቅጥቆ ይደርቃል። በወር አንድ ጊዜ ከማቀፊያው አውጥተው ይገልብጡት፤ ሥሩን በመዳፍዎ መታ መታ ያድርጉት፤ ጆሮዎን አስጠግተው ያዳምጡ። ዱቄቱ ሸርተት ሲል ይሰማል። ደጋግመው ገልብጠውት ምንም ካልተንቀሳቀሰ እርጥበት ገብቶታል፣ ይቀየር። ክብደቱንም ሽንኩርት በሚመዘንበት ሚዛን ያረጋግጡ፦ ባለ 2 ኪሎው መለያው ላይ ከተጻፈው ጠቅላላ ክብደት 200 ግራም ከቀነሰ ይሞላ። ሲሞላ ቀድሞ የነበረው ዓይነት ዱቄት መሆኑን ይጠይቁ፤ ኤቢሲና ቢሲ የሚባሉት የዱቄት ዓይነቶች ከተቀላቀሉ እርስ በርሳቸው ተዋህደው ይጋገራሉ።

እጀታው ሳይታሰብ እንዳይጫን የሚይዘው ፒን አልወጣ ይላል።
ማኅተሙ ሲጠፋ ብዙዎች በሽቦ ያስሩታል። ሽቦ በእጅ አይበጠስም። ቀጭን የፕላስቲክ ማኅተም ይተኩበት፤ ፒኑ ከዛገም ይለወጥ።

ሲሊንደሩ ተሰርጉዷል ወይም ሥሩ ዝጓል? ይወገድ። ዳግም የማይሞላው ዓይነት ከተመረተ 12 ዓመት ካለፈው ቀስቱ ምንም ቢያሳይ ይጣል። አዲሱን ሹፌሩ ተቀምጦ በሚደርስበት ቦታ ይሰሩት፣ ከጆንያ ሥር አይደለም።

እሳቱ ጠፍቶ ተመልሶ ይነሳል።
ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ፍሬን ግሎ ጎማ ሲያያዝ የሚገጥም ነው። ዱቄት ነበልባሉን ይገድላል፣ የጋለውን ብረት ግን አያበርድም። የ1 ኪሎው ዱቄት ደግሞ በ10 ሰከንድ ገደማ ያልቃል፤ ከሥሩ አነጣጥረው በአጭር በአጭሩ ይርጩ፤ ነበልባሉ እንደወደቀ ጎማውን በብዙ ውኃ ያቀዝቅዙ። በመኪና ውስጥ የሚቀመጠው የውኃ ጀሪካን የማጥፊያው አጋር ነውና ባዶውን አይጓዝ።